የሽሪምፕ አለርጂ ይዞ መሀል አዲስ አበባ ውጪ መብላት፦ ምግቡን ሳይሆን ዘይቱን ጠይቁ

አሁን እያሳከካችሁ ወይ ከንፈራችሁ እያበጠ ይሄን የምታነቡ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ዝለሉና ቀጥታ ደረጃ 6 ላይ ሂዱ።

ለሌሎቻችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ስለሚወድቅ ነው። አስተናጋጁን "ሽሪምፕ አለበት?" ብለን እንጠይቃለን፣ እሱም "ኧረ የለበትም" ይለናል፣ እውነቱንም ነው ሳህኑ ላይ የለም፣ ከዛ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጉሮሮ መጥበብ ይጀምራል። እኔም የተማርኩት እንደዛ ነው። ቦሌ መንገድ አካባቢ አንድ ቤት ዓሣ ኮተሌት አዘዝኩ፣ ዓሣ ደግሞ ምንም አይለኝም፣ የዝዋይ ቆሮሶ እየበላሁ ነው ያደግኩት። ለካ ከኔ በፊት ሽሪምፕ የተጠበሰበት ዘይት ነው። ጥያቄዬ ስለ ምግቡ ነበር፣ መጠየቅ የነበረብኝ ስለ ዘይቱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር

ሽሪምፕ፣ ሎብስተርና ክራብ፣ እኛ ሸርጣን የምንለው ማለት ነው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኦይስተር፣ መስል፣ ካላማሪ፣ ኦክቶፐስና ቀንድ አውጣ ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ሰውነት የሚቆጣው ትሮፖማዮሲን በሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው፣ እሱ ደግሞ በሙቀት የሚበላሽ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ "በደንብ አብስለነዋል" የሚለው መልስ ምንም አይጠቅማችሁም። ሽሪምፕ የሚያስቆጣው ሰው ክራብና ሎብስተርም የሚያስቆጡት ዕድል ሰፊ ነው። የነኦይስተር ቤተሰብ ላይ ዕድሉ ያነሰ ነው፣ ግን ተመርምራችሁ እስኪለይ ድረስ ሁለቱንም ተዉ።

ዓሣ ሌላ ጉዳይ ነው። የዓሣ አለርጂ የሚመጣው በአብዛኛው ከሌላ ፕሮቲን ስለሆነ ሽሪምፕ የማይሆንለት ሰው ብዙ ጊዜ ቆሮሶም አምባዛም ያለ ችግር ይበላል። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ አንድ ኩሽና ውስጥ ሲገናኙ ነው።

ደረጃ 1፦ አለርጂ መሆኑን አረጋግጡ

"ልጅ እያለሁ ምንም አልነበረብኝም" የሚል ሰው ብዙ ነው። ይሄ አለርጂ አዋቂ ከሆኑ በኋላም ይጀምራል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይሄድም። እኛ አገር ደግሞ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ በማይበላበት ቤት ያደገ ሰው ብዙ ስለሆነ ከሽሪምፕ ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቀው በሠላሳ ዓመቱ ሆቴል ቡፌ ላይ ወይ ዱባይ ሄዶ ነው። መጀመሪያ የበላችሁ ቀን ምንም አለማለቱም ዋስትና አይሆንም፣ ሰውነት መጀመሪያ ይተዋወቃል፣ የሚቆጣው በኋላ ነው።

1. ራሳችሁን ቤት ውስጥ አትፈትኑ። "ትንሽ ልቅመስና ልይ" ማለት ይቅር።

2. ያጋጠማችሁን ጻፉ። ምን በላችሁ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ጀመረ፣ የት የት ላይ ወጣ፣ የትንፋሽ ችግር ነበረበት ወይ፣ በምን ተሻላችሁ፣ ሽፍታው ካለ ፎቶ አንሱት። ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ውስጥ ይጀምራል። በማግስቱ የመጣ ተቅማጥ ብቻ ከሆነ የምግብ መመረዝ ሊሆን ይችላል።

3. ይሄን ይዛችሁ የውስጥ ደዌ ወይ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። የቆዳ ወይ የደም ምርመራ ሊያዝላችሁ ይችላል። የምርመራው ወረቀት ብቻውን አይፈርድም፣ ምክንያቱም ያው ፕሮቲን የቤት አቧራ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳትና በረሮ ውስጥም ስላለ ሽሪምፕ እየበላ ምንም የማይለው ሰውም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ከጻፋችሁት ታሪክ ጋር ነው የሚነበበው።

4. አስም ካለባችሁ ወይ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያለ የግፊት ወይ የልብ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። አስም አደጋውን ያከብደዋል፣ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ አድሬናሊን፣ ከባድ ቁጣ ሲመጣ የሚወጋው መድኃኒት ማለት ነው፣ በደንብ እንዳይሠራ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ደረጃ 2፦ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው

ካርድ። አስተናጋጁ በቃል የነገራችሁትን ኩሽና እስኪደርስ ግማሹን ይረሳዋል፣ ወረቀት ግን እንዳለ ይደርሳል። እኔ የምይዘው እንዲህ ይላል፣ ገልብጡት፦

"የሽሪምፕ፣ የክራብ፣ የሎብስተርና የካላማሪ አለርጂ አለብኝ። በጣም ትንሹም ትንፋሼን ሊዘጋኝና ሊገድለኝ ይችላል። ምግቤ እነሱ በተጠበሱበት ዘይት፣ መጥበሻ ወይም ግሪል፣ በተከተፉበት መክተፊያና ቢላ እንዳይሠራ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ 'አይሆንም' በሉኝ፣ አልቀየምም።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትቆርጧት። እኛ ጋ ይሉኝታ አለ፣ እንግዳን "አይሆንም" ማለት ነውር ስለሚመስል ነው ያ ሁሉ "ችግር የለም" የሚመጣው።

ቃል አመራረጥ ላይም ተጠንቀቁ። "አይስማማኝም" ካላችሁ ሰው የሚሰማው "ሆዴን ይነፋኛል" ነው። "አለርጂክ ነኝ" ብቻ ካላችሁ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አለርጂክ ማለት አቧራ ሲነሳ ማስነጠስ ነው፣ ማን ይደነግጣል። "ትንፋሼን ይዘጋዋል" በሉ። "ሃይማኖቴ አይፈቅድም" የሚሉም አውቃለሁ፣ አክብሮት ያስገኛል፣ ግን ኩሽናው ሽሪምፑን ከላይ ለቅሞ አውጥቶ ሊያቀርብላችሁ ይችላል። "ጾም ነኝ"ማ ጭራሽ አትበሉ፣ ሽሪምፑን ከዓሣው ጋር የጾም ገጽ ላይ ያደረገ ሜኑ በዓይኔ አይቻለሁ።

መድኃኒት። ከሐኪማችሁ ጋር ስለ አድሬናሊን አውሩ። ራስን መውጊያው ብዕር፣ ኤፒፔን የሚባለው ዓይነት፣ በየፋርማሲው ይገኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ውጪ ዘመድ ያለው በሐኪም ማዘዣ ያስመጣ። ብዙ ጊዜ 0.3 ሚሊግራሙ ለአዋቂ፣ 0.15 ሚሊግራሙ ለትንንሽ ልጆች ነው። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይቀመጥም፣ የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉበት። ከተቻለ ሁለት ያዙ። አምፑሉን ገዝቶ በሲሪንጅ ራስን መውጋት ሐኪም ቁጭ አድርጎ ካላሠለጠናችሁ አይሞከርም፣ መጠኑ ከተሳሳተ ወይ ደም ሥር ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

ሴቲሪዚን ያዙ፣ ለማሳከክ ይጠቅማል። የተዘጋ ትንፋሽ ግን አይከፍትም፣ ይሄን ደረጃ 6 ላይ እደግመዋለሁ።

ስልክ ላይ፦ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽን። ከምትበሉበት ቤት ቅርብ ያለውን ድንገተኛ ክፍልም ቀድማችሁ እወቁ። ስታዲየምና ካዛንቺስ በኩል ዘውዲቱ፣ ቸርችልና ሜክሲኮ በኩል ጥቁር አንበሳ፣ ስድስት ኪሎ የካቲት 12፣ ቀበና በኩል ምኒልክ አለ። ካዛንቺስና ፒያሳ ከፈረሱ ወዲህ የለመዳችሁት ቤት ቦታ ቀይሮ ይሆናል፣ መንገዱም ተቀያይሯል፣ በድሮው እውቀት አትሂዱ።

ደረጃ 3፦ ሜኑ ላይ የተደበቀውን ስም ለዩ

ሽሪምፕ ሁልጊዜ "ሽሪምፕ" ተብሎ አይጻፍም።

ጣሊያን ቤት፦ ጋምበሪ፣ ጋምበሬቲ፣ ስካምፒ ሽሪምፕና ዘመዶቹ ናቸው። ቮንጎሌና ኮዜ ዛጎል ውስጥ የሚኖሩት ናቸው። ፍሩቲ ዲ ማሬ ካያችሁ ሁሉም አለበት ማለት ነው።

ሕንድ ቤት ፕራውን ወይ ጂንጋ ይባላል። ዓረብ ቤት ሩብያን ወይ ጀምበሪ፣ ቤይሩትና ዱባይ የሠሩ እህቶቻችን ይሄን ከኔ በላይ ያውቁታል።

ቻይና ቤት ላይ ቆም በሉ። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ነገሩ በስም ሳይሆን በሶስ ነው የሚገባው። ኦይስተር ሶስ የበሬ ሥጋና አትክልት ውስጥ ይጨመራል፣ ኤክስኦ የሚባለው ሶስ የደረቀ ሽሪምፕ አለበት፣ ዳምፕሊንግ ውስጡ ምን እንደሆነ ከውጪ አይታወቅም፣ ሁሉም ነገር ደግሞ በአንድ ትልቅ ብረት ድስት እየታጠበ ሳይሆን እየተጠረገ ነው የሚሠራው። የታይ ምግብ ውስጥ የሽሪምፕ ፔስት፣ የኮሪያ ኪምቺ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተብላላ ሽሪምፕ አለ። ሱሺ ላይ ያለው ክራብ ስቲክ በአብዛኛው ከዓሣ የተሠራ ነው፣ ግን የክራብ ጭማቂ ሊጨመርበት ይችላል። ነጭ ሆኖ እንደ ቺፕስ የሚጠበሰው ፕራውን ክራከርም ስሙን ሳይናገር ጠረጴዛ ላይ በነጻ ይመጣል።

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ዓሣ ካማራችሁ የሐይቅ ዓሣ ብቻ የሚሸጥ ቤት ሂዱ። ጎረድ ጎረዱም፣ ዱለቱም፣ ለብለቡም እዛ ይሻላል፣ ኩሽናው ውስጥ ሽሪምፕ ስለሌለ ዘይቱም ላይ አይኖርም። "ሲፉድ" የሚል ጽሑፍ በር ላይ ካያችሁ ግን የድንች ጥብሱም የዶሮ ክንፉም የዛው ዘይት ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 4፦ አጠያየቅ፣ በቅደም ተከተል

1. አስቀድማችሁ ደውሉ፣ ግን ምሳ ሰዓት ላይ አይደለም። ጠዋት 4 ሰዓት ወይ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ኩሽናው ፋታ አለው።

2. ስትገቡ ከማዘዛችሁ በፊት ካርዱን ስጡና "ወንድሜ ይሄን ለሼፉ አሳይልኝ፣ መልሱን ከሱ ነው የምፈልገው" በሉ። ሼፉ ብቅ ካለ በጣም ጥሩ።

3. አዎ ወይ አይ የሚያስብል ጥያቄ አትጠይቁ። "ዘይቱ ለብቻ ነው አይደል?" ካላችሁ መልሱ "አዎ" ነው፣ ሁልጊዜ። ይልቅ "ሽሪምፕ የምትጠብሱት በምንድነው? ድንቹንስ?" በሉ። ሁለት የተለያየ ነገር ካሳዩዋችሁ ደህና። "ሁሉንም እዛው" ካሉ መልሳችሁን አገኛችሁ።

4. ከዘይቱ ቀጥሎ ግሪሉን፣ መክተፊያውን፣ ማገላበጫውን፣ ሾርባው በምን ውኃ እንደተሠራ ጠይቁ።

5. የምታዙት ቀላል ይሁን። በአዲስ መጥበሻ የተሠራ ነገር ከብዙ ሶስ ካለው ይሻላል። ጥብስ ስታዙ "መጥበሻው ይታጠብልኝ" ማለት ነውር የለውም።

6. ሳህኑ ሲመጣ "የካርዱ ባለቤት ምግብ ይሄ ነው?" ብላችሁ አረጋግጡ። አስተናጋጅ ተቀይሮ የሌላ ሰው ሳህን እኔ ጋ መጥቶ ያውቃል።

ስህተት ሲፈጠር፦ ሽሪምፕ ተደርጎ ከመጣ ሳህኑን መልሱ፣ ግን የመለሳችሁት ሳህን ላይ ምልክት አድርጉበት፣ ለምሳሌ ናፕኪኑን መሀሉ ላይ ጣሉበት። አለበለዚያ ለቅመው አውጥተው ያንኑ ይመልሱላችኋል። አስተናጋጁ ከተቆጣ ወይ ከሳቀ ሒሳቡን ከፍላችሁ ውጡ፣ የሳቀ ቤት አይጠነቀቅም።

አጠገባችሁ በጋለ ብረት ላይ እየተንጫጫ የሚቀርብ ሽሪምፕ ካለ ወንበር ቀይሩ፣ እንፋሎቱ ብቻ የሚያስቆጣቸው ሰዎች አሉ።

ደረጃ 5፦ ቡፌ፣ ሠርግና የልደት ቤት

ቡፌ ላይ ጭልፋ ይዞራል። ሰው ሽሪምፑን ባነሳበት ማንሻ ሩዙን ያነሳል። ስለዚህ ወይ ቀድማችሁ ማንም ሳይነካው አንሱ፣ ወይ ከኩሽና ለብቻ እንዲወጣላችሁ ጠይቁ፣ ወይ በልታችሁ ሂዱ። ሠርግ ላይ "ኧረ ብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን!" የሚሉ እናቶች አሉ፣ ጉርሻም ይመጣል፣ ጉርሻ ደግሞ እምቢ አይባልም። እኔ የምለው፣ "እማማ፣ ትንፋሼን ይዘጋኛል፣ ሠርጉ ለቅሶ እንዳይሆን" ነው፣ ይስቃሉ ግን ይተዋሉ።

አልኮል፣ አይቡፕሮፌንና ከምግብ በኋላ መሯሯጥ ቁጣውን ሊያባብሱት ይችላሉ። ሠርግ ላይ መጠጡም ጭፈራውም አብረው መሆናቸውን አስታውሱ።

ደረጃ 6፦ ቢሳሳትና ቢበላ

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ቀላሉ፦ ጥቂት ሽፍታ፣ የአፍ ማሳከክ፣ ሌላ ምንም የለም። ምግቡን ትፉ፣ አፋችሁን ተጉመጥመጡ፣ ሴቲሪዚን ውሰዱ፣ ለብቻችሁ አትሁኑ፣ ሽንት ቤት ገብታችሁ በር አትዝጉ። ሰው አፍሮ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ እዛ ነው የሚወድቀው።

ከባዱ፦ ድምፅ መጎርነን፣ ጉሮሮ መጥበብ፣ ምላስ ማበጥ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ማዞር፣ መገርጣት፣ ወይም ሽፍታ ከተደጋጋሚ ትውከት ጋር። ሽፍታ ባይኖርም እንኳ የትንፋሽ ችግር ወይ ማዞር ካለ ከባድ ነው። ያኔ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. አድሬናሊን ካላችሁ አሁኑኑ። "እስቲ ትንሽ ልየው" አትበሉ። የጭን ውጪኛው ጎን፣ መሀሉ ላይ፣ በሱሪ ላይም ይሆናል። ኤፒፔን ከሆነ ሰማያዊው ክዳን ወደ ሰማይ፣ ብርቱካናማው ጫፍ ወደ ጭን። አውራ ጣታችሁን ጫፉ ላይ አታድርጉ። የተወጋበትን ሰዓት ያዙ።

2. አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ትንፋሽ ካስቸገረው ይቀመጥ፣ ካስታወከ በጎኑ ይተኛ። በፍጹም አታስነሡት፣ "ንፋስ ይምታህ" ብላችሁ ወደ ደጅ አታራምዱት። ደሙ ግፊት ባጣበት ሰዓት ድንገት መነሣት ሊገድል ይችላል።

3. አንድ ሰው 907 ወይ 939 ይደውል፣ ሌላው ሰው መኪና ይያዝ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ ከዛ የቀደመውን። ማታ 1 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይን ለማለፍ የሚፈጀውን ታውቁታላችሁ። በራይድ ከሄዳችሁ ኋላ ወንበር ላይ እንደተኛ ነው የሚሄደው፣ ሹፌሩን "ድንገተኛ ነው" በሉት።

4. ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛውን ብዕር ስጡ።

5. ሆስፒታል በር ላይ ወረፋ አትያዙ፣ ካርድ ለማውጣት አትሰለፉ። "አናፊላክሲስ ነው፣ ሽሪምፕ በልቶ ትንፋሹ እየተዘጋ ነው" በሉ፣ አናፊላክሲስ ማለት ከባዱ የአለርጂ ቁጣ ነው፣ ቃሏን በቃላችሁ ያዟት። ሃይድሮኮርቲዞን ወይ ዴክሳ ብቻ ሰጥተው ካስቀመጧችሁ በትሕትና "አድሬናሊኑስ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነው፣ በጡንቻ፣ ጭን ላይ።

የማይደረግ፦ ወተት አታጠጡ፣ ሎሚና ጤና አዳም አታሽትቱ፣ ጣት ከትታችሁ አታስመልሱ። ወተት መርዝ ይሽራል ብለው በፍቅር የሚሯሯጡ ሰዎች ይኖራሉ፣ ትንፋሹ የጠበበ ሰው ግን ሊታነቅ ይችላል። ሴቲሪዚን ሰጥቶ መጠበቅም ያው ጊዜ ማቃጠል ነው።

ተሻለው ብላችሁ ወዲያው ቤት አትሂዱ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ቁጣው ከሰዓታት በኋላ ዳግም ሊመጣ ይችላል፣ ሐኪሙ ካላለ በቀር ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት እዛው ቆዩ፣ በዛች ሌሊትም ብቻውን አይደር።

ደረጃ 7፦ ቤትና ሱፐርማርኬት

እዚህ ብዙ የለም። ከውጪ የመጣ እሽግ ላይ፣ የአውሮፓው ሕግ ሁለቱንም ቤተሰብ በአለርጂ ዝርዝር እንዲጻፍ ያስገድዳል፣ የአሜሪካው ግን እነሽሪምፕን እንጂ እነኦይስተርን በግዴታው ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ የአሜሪካ እሽግ ከሆነ ከታች ያለችውን ማስጠንቀቂያ ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩን ሁሉ አንብቡ። ኢንስታንት ኑድል ላይ የቅመሟን ፓኬት ለይታችሁ እዩ።

ከአሜሪካ የሚላከው የመገጣጠሚያ ክኒን፣ ግሉኮሳሚን፣ ብዙ ጊዜ ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት ነው የሚሠራው። ቁጣው በአብዛኛው ከሥጋው እንጂ ከቅርፊቱ ስላልሆነ አደጋው ዝቅተኛ ነው የሚባለው፣ ግን ለእማማ ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ በግድ ይስተካከል፦ የሽሪምፕ አለርጂ የአዮዲን አለርጂ አይደለም። አዮዲን ያለው ጨው መተው የለባችሁም። ሲቲ ስካን ስትነሡ ፎርሙ ላይ "ሽሪምፕ" ብላችሁ ጻፉ፣ "አዮዲን" ብላችሁ አትጻፉ፣ የሚያስፈልጋችሁን ምርመራ በከንቱ ሊያዘገዩባችሁ ይችላሉ።

ደረጃ 8፦ በማግስቱ

ሐኪማችሁ ጋ ተመለሱ፣ የተሰጣችሁን መድኃኒት ወረቀት ይዛችሁ። ምግብ ቤቱ ጋም ደውሉ፣ ለመጣላት ሳይሆን የትኛው ዘይት ወይ ሶስ እንደነበር ለማወቅ፣ ካርዳችሁ ላይ የጎደለ ነገር ካለ በዛው ትጨምሩታላችሁ። የእኔ ካርድ ላይ "ዘይት" የሚለው ቃል የገባው ከዛ ኮተሌት በኋላ ነው።

የተጠቀማችሁበት ብዕር እስኪተካ ድረስ ውጪ አትብሉ። እስከዛ ሽሮ አለ።